ለበረከት የወሰድሁት ጋቢ

ጻድቅ ወንድም ኖሯችሁ ያውቃል? እኔ ኖሮኝ ያውቃል። አምስት ወር ሙሉ። አትመኙት።

ነገሩን ከሥር ከሥሩ ላውጋችሁ። እኔ ሉማሜ፣ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ፊት ለፊት ልብስ ሰፊ ነኝ። ሥራዬ መስፋት ይባል እንጂ ግማሹ ወሬ ነው። ደንበኛው ሱሪው እስኪያጥርለት ይቀመጣል፤ ከተቀመጠ ደግሞ ያወራል። ስለዚህ ከደጀን እስከ ማርቆስ ያለ ወሬ እኔ ዘንድ ሳይደርስ አያድርም። የአገሩን ሁሉ ገመና የምሰማ ሰው፣ የገዛ ወንድሜን ጉዳይ ግን ከሁሉም ኋላ ሰማሁ። እንዲያውም ሰማሁ ማለት አይቻልም። ዓይኔ እያየ ነው ያለፈኝ።

ወንድሜ አያ ዘውዱ ይባላል። ታላቄ ነው። ከአምበር አንድ ሰዓት በእግር የሚያስኬድ መንደር ውስጥ ያርሳል። ስለ እሱ ቀድማችሁ ማወቅ ያለባችሁ ነገር ቢኖር ነገረኛነቱን ነው። የእናቴ ልጅ ነው ብዬ አልዋሽለትም። የጎረቤት ዶሮ ድንበሩን ብታልፍ ሽማግሌ ያስቀምጣል። ዕቃ ማዋስ ደግሞ ሞቱ ነው። አንድ ጊዜ ማጭድ ያዋሰው ሰው ነበር፤ ማጭዱ እስኪመለስ ድረስ ከሰውየው ኋላ ኋላ ሲዞር ዋለ። እኔ ልጠይቀው ስሄድ ገና ከአጥሩ በር ሳልገባ ድምፁ ይቀበለኛል። «መጣህ አንተ መርፌ ለቃሚ?» ይለኛል። እንዲህ ካላለኝ ደኅና መሆኑን አላውቅም ነበር።

እንግዲህ ሞባይል ስልክ ገና ከከተማ ወደ ገጠር ባልወጣበት በአንዱ ዓመት፣ ኅዳር ላይ ነው መሰለኝ፣ ይህ ሰውዬ ዝም አለ።

ዝም አለ ስላችሁ በአንድ ቀን አይደለም። መጀመሪያ መሳደብ ተወ። ቀጥሎ መከራከር ተወ። ጎረቤቱ ድንበር አልፎ አንድ ትልም ሙሉ ሲያርስበት፣ ቆሞ አይቶ ወደ ቤቱ ገባ። መንደሩ ጉድ አለ። ይታይሽ፣ ሚስቱ ናት፣ እህል አልቀምስ ብሏል አለችን። ጾመ ነቢያት ነበርና «እየጾመ ነው» ተባለ። ገና መጣ፣ ሰው ሁሉ ፈሰከ፣ እሱ አልፈሰከም። «ጨመረበት» ተባለ። ጠላ ቤት ቀረ፤ «ዓለምን ናቀ» ተባለ። እንቅልፍ አጣ፤ «ሲጸልይ ነው የሚያድረው» ተባለ። ከሰው ጋር መነጋገር ሲተው ደግሞ የቤተ ክህነት ነገር እናውቃለን የሚሉት «አርምሞ ይዟል» አሉ።

አትፍረዱብን። እኛ ያደግንበት አገር መናኝና ባሕታዊ እንደ ልብ የሚታይበት አገር ነው። ሰው ቢከሳ፣ ዝም ቢል፣ ፀጉሩን ቢያጎፍር፣ ትዝ የሚለን አንድ ነገር ብቻ ነው። ሌላ ቦታ ቢሆን ሐኪም ይጠሩለት ይሆናል። እኛ ጉልበቱን ለመሳም ተሰለፍን።

ከዚያ ደግሞ መስጠት ጀመረ።

ኧረ በሞቴ፣ ያ ማጭድ የማያውሰው ሰውዬ! ማጭዱን ያንኑ ድንበሩን ላረሰበት ጎረቤት ሰጠ። ሬዲዮውን ለአማቹ ሰጠ። ከዘራውን ለአንድ ሽማግሌ ሰጠ። ቀንበሩን ለልየው ሚስት ላከላት። ልየው የእርሻ ባልንጀራው የነበረ፣ በዚያው ዓመት መስከረም ላይ የሞተ ሰው ነው፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ። ለእኔ ደግሞ ጋቢውን ሰጠኝ። ይህ ጋቢ ተራ ጋቢ አይደለም። እናታችን ፈትላ ያሠራችው ነው፤ እሷ ስታርፍ ለታላቅ ይገባል ብሎ ወስዶብኝ ሁለት ዓመት ተኮራርፈንበታል። አሁን አጣጥፎ አቀበለኝና «ልበሰው» አለኝ። ሌላ ቃል አልጨመረም።

ምነው አልሁት? አላልሁትም። እጁን ስሜ ተቀበልሁ።

ጋቢውን ለብሼ ሉማሜ ስገባ ያገኘሁትን ክብር ብታዩት! ሻይ ቤት ሰው ከወንበሩ እየተነሣ ያስቀምጠኝ ጀመር። ስሜ ቀርቶ «የጻድቁ ወንድም» ሆንሁ። የሻይ ቤቷ እመቤት በአጠገቤ ባለፈች ቁጥር የጋቢውን ጫፍ ነካ እያደረገች ታማትባለች። እኔም አልከለከልኋትም። እንዲያውም ጫፉን ወደ እሷ በኩል አደርገው ነበር። ሰው አይደለሁ? ጣፈጠኝ።

ይህን ሁሉ ጣዕም ማን ያበላሸው ይመስላችኋል? ቄሱ!

ቄስ ጌታሁን የአያ ዘውዱ የንስሐ አባት ናቸው። በልጃቸው ጽድቅ ከሁሉ አብልጠው እሳቸው መደሰት አልነበረባቸውም? በሁዳዴ አጋማሽ አንድ ጠዋት ሱቄ ድረስ መጡ። ቀሚሳቸው ተቀዶ ነው ብዬ መርፌ አነሣሁ። ተቀመጡ ብላቸው አልቀመጥም አሉ።

«ወንድምህ ታሟል» አሉኝ።

«እየጾመ እኮ ነው አባ» አልኋቸው።

«አይጾምም።»

«እንዴትሳ አባ? እህል በአፉ አይዞርም እኮ!»

«ስማኝ ልጄ» አሉ። «እኔ ከልጅነቴ ጀምሬ ጹሜያለሁ፤ ጾመኛ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። ሁላችንም፣ እኔም ሳልቀር፣ ለፋሲካ ስንት ቀን ቀረው እያልን እንቆጥራለን። ትናንት ዘውዱን ‹ለፋሲካ ስንት ቀን ቀረን?› ብዬ ብጠይቀው፣ ‹የምን ፋሲካ?› አለኝ። እያሾፈብኝ አይደለም፤ ረስቶታል። ይህ ሰው የሚጠብቀው ነገር የለውም። እሱ ነው ያስፈራኝ።»

ከዚያም ማርቆስ ሐኪም ቤት፣ የአእምሮ ሕመምተኞችን አነጋግራ የምትረዳ ሲስተር እንዳለች፣ የአንድ ዲያቆን እናት እሷ ዘንድ ተመላልሰው እንደተሻላቸው ነገሩኝ። ጠበሉስ? አልኋቸው። ጠበሉን ለእኔ ተወው፣ አንተ እሷ ዘንድ አድርስልኝ አሉ። እንዲህ ሥራ አከፋፍለውኝ ሄዱ።

እኔ ምን ተሰማኝ? ተናደድሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ለወንድሜ አልነበረም የፈራሁት፤ ለስሜ ነበር። የጻድቅ ወንድም ስባል ከርሜ የእብድ ወንድም ልባል? ስለዚህ አንድ ዘዴ ፈጠርሁ። ወንድሜን ትቼ ብቻዬን ሄድሁ! ቆይ፣ አትሳቁ። ለታመመ ሰው ጠበል በጀሪካን ይመጣለት የለም? እኔም ምክሩን ተቀብዬ ላመጣለት ነው። ደብተርና እስክሪብቶ ሳይቀር ይዣለሁ። ጋቢዬን ደልደል አድርጌ ለብሼ፣ የማርቆስን አውቶቡስ ተሳፈርሁ።

ሲስተሯ ሠላሳ ዓመት የሚሞላት አትመስልም። ክፍሏ ውስጥ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበርና አንድ መስኮት ነው ያለው። ደብተሬን ገለጥሁና «እሺ ሲስተር፣ ይበሉ ይምከሩ፣ እጽፋለሁ» አልኋት። ሳቋን ዋጥ አድርጋ በቅድሚያ ስለ ወንድምዎ ልጠይቅዎ አለች።

ይበላል ወይ? አለችኝ። አይበላም! አልሁ ደረቴን ነፍቼ። ይተኛል? ምን ሲደረግ! ከሰው ይቀላቀላል? ኧረ ንቆታል! ድሮ ደስ ይለው የነበረውን ነገርስ? ሁሉንም ትቶታል! ለጥያቄው ሁሉ እንደ ጎበዝ ተማሪ መልስ ነበረኝ። የሷ ፊት ግን በመለስሁ ቁጥር እየጨለመ ሄደ። ይች ልጅ ሃይማኖት የላትም እንዴ ብዬ ታዘብኋት።

ዕቃውን ለሰው ይሰጣል? አለችኝ።

ይኸውላችሁ፣ ይህችን ነበር የምጠብቃት። ማጭዱን፣ ሬዲዮውን፣ ከዘራውን፣ ቀንበሩን አንድ በአንድ ዘረዘርሁላት። በመጨረሻም ትከሻዬን መታ መታ አድርጌ፣ «ይህን ጋቢ ሳይቀር!» አልኋት።

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ጋቢውን አየችው። እኔን አየችኝ። ከዚያ ረጋ ብላ፣ ሰው እንዲህ ሆኖ ሳለ ዕቃውን ማከፋፈል ከጀመረ አንዳንድ ጊዜ ራሱን ለመግደል አስቦ ሊሆን ይችላል አለችኝ። ሁልጊዜ እንዲያ ነው ማለቴ አይደለም፤ ጠይቀውት ያውቃሉ? አለች።

ክው አልሁ። ደረቅሁ። አንድ ሰው ሲሰናበተኝ፣ ስንብቱን ለብሼ ሻይ ቤት ለሻይ ቤት ስንጎራደድ ከርሜያለሁ ማለት ነው። ጋቢውን አውልቄ ጭኔ ላይ አደረግሁት።

ድንጋጤዬ ሳይበርድ ሌላ ጨመረችልኝ። ዛሬውኑ ሄደው በግልጽ ይጠይቁት፣ ራስህን ለመግደል አስበህ ታውቃለህ ይበሉት አለችኝ። ኧረ ሲስተር፣ ያላሰበውን ላሳስበው ነው? አልኋት። መጠየቅ ሐሳቡን በሰው ልብ ውስጥ እንደማይከት፣ እንዲያውም ብዙ ሰው ሲጠየቅ ቀለል እንደሚለው አስረዳችኝ። ብቻውን አትተዉት፣ በማለዳ ይዛችሁት ኑ አለች። ደብተሬ ላይ አንድ ቃል ሳልጽፍ ወጣሁ።

እስከ አምበር በጭነት መኪና፣ ከአምበር በእግሬ፣ ገና ፀሐይ ሳለ መንደር ደረስሁ። አያ ዘውዱ ከቤቱ ግድግዳ ሥር ቁጭ ብሏል። ሁለት ሴቶች ጉልበቱን ሊሳለሙ ቆመዋል። አባረርኋቸው። ከጻድቅ ደጅ ሰው አባረረ ተብሎ እስከ ዛሬ ይወራብኛል።

አጠገቡ ተቀመጥሁ። ቀኑን ሙሉ ስቀባጥር የምውል ሰውዬ ምላሴ ተሳሰረ። ስለ ዝናቡ ጀመርሁ፣ ስለ በሬው አወራሁ፤ አልመለሰልኝም። በመጨረሻ ዓይኔን ጨፍኜ አወጣሁት። «አያ፣ ራስህን ልትገድል አስበህ ታውቃለህ?»

ቀና ብሎ አየኝ። በአምስት ወር ውስጥ ፊቴን ሲያይ የመጀመሪያው ነው።

«እስካሁን የጠየቀኝ አልነበረም» አለ።

ቀጥሎም፣ «ዕቃዬን አንድ በአንድ አወጣሁ» አለኝ። «አንዱ እንኳ ምነው ዘውዱ፣ ምን ሆንህ ይለኛል ብዬ ነበር። በረከትህ ይድረሰን እያሉ ወሰዱት። አንተም ወሰድህ።»

አንተም ወሰድህ! ከዚህ ሰው አፍ ያልሰማሁት ስድብ የለም። እንዲህ ያመመኝ ግን የለም። አለቀስሁ። እሱም አለቀሰ። ይታይሽ ከጓዳ ወጥታ ነገሩን ሳትጠይቅ አብራን አለቀሰች። ያን ዕለት ከአጠገቡ ሳንለይ አደርንና በማግሥቱ ማርቆስ ወሰድነው።

ሐኪም አይቶ መድኃኒት አዘዘለት። ሲስተሯ ጋር ደግሞ በየሳምንቱ እንዲቀመጥ ተባለ። የመጀመሪያው ቀን እኔ ውጭ አግዳሚ ላይ ጆሮዬን አቁሜ ስጠብቅ አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ ወጣ። ምን መከረችህ? አልሁት። ምንም አለኝ። ታዲያ ይህን ሁሉ ጊዜ ምን ስትሠሩ ነበር? ብለው፣ «እኔ ዝም አልሁ። እሷም ዝም አለች። ግን አልሄደችም» አለኝ።

እኔማ ተበሳጨሁ። ከሉማሜ ድረስ ለዝምታ ነው የመጣነው? ምክርማ እኛ ሰፈር ሞልቶ! ወሬው ሲሰማ ሻይ ቤታችን በአንድ ጊዜ ሐኪም ቤት ሆነ። አንዱ ወንድ ልጅ አይደለም ወይ፣ ጠንከር ይበል አለ። ሌላው ሥራ መፍታት ነው አለ። ሌላው ነጭ ሽንኩርት በማር አዘዘ። አንድ ሾፌር እንዲያውም አዲስ አበባ ወስጄ ባዝናናው በሁለት ቀን ይድናል ብሎ ፎከረ። እሰማቸው እሰማቸውና አንድ ነገር ገባኝ። ከመካከላችን ወንድሜን የሰማው አልነበረም። እኔ ራሴ ደንበኛዬ ሲያወራ የማስበው፣ እሱ ሲያበቃ ስለምናገረው ነበር። ይህን ሳውቅ ስንት ሰው ከሱሪው ጋር ጭንቀቱንም ይዞልኝ መጥቶ፣ ሱሪውን ብቻ አሳጥሬ እንደ ሸኘሁት አሰብሁና ደነገጥሁ።

በሦስተኛው ሳምንት አያ ዘውዱ ስለ ልየው አወራ። በኋላ እሱው እንደ ነገረኝ ነው የምነግራችሁ።

ልየው አንድ በሬ ነበረው፤ አያ ዘውዱም አንድ። ሁለቱን በሬ አቀናጅተው ሃያ ሁለት ዓመት አብረው አርሰዋል። በዚያ ክረምት በአንድ ክንድ ድንበር ተጣሉ። ሽማግሌ ገባ፣ አልታረቅም ያለው የእኔው ወንድም ነው። መስከረም ላይ ልየው ታሞ በሳምንቱ ሞተ። አያ ዘውዱ ቀብሩ ላይ አልተገኘም። እኛ ዘንድ የተጣሉትም ቢሆን ይቀበራል እኮ! ሁላችንም ግትርነቱ ነው ብለን አማነው፣ አልፈነው ሄድን። እሱ ግን ማለፍ አልቻለም። ላልቀበረው ሰው አዝኛለሁ ብሎ ማን ፊት ያለቅሳል? አፍሮ ሐዘኑን በሆዱ ያዘው።

እኔ ይህን ስሰማ፣ በቃ ምክንያቱ ተገኘ ብዬ ሲስተሯን ልሸልማት ምንም አልቀረኝ። እሷ ግን ረጋ በሉ አለችኝ። ይህ ሕመም ምንም ያልጎደለውንም ሰው ይይዛል፤ ምክንያት ካላገኛችሁ አልታመመም እንዳትሉ አለች። ሂድና የልየውን ሚስት ይቅርታ ጠይቅ ብላም አላዘዘችውም። ልየው አሁን እዚህ ወንበር ላይ ቢቀመጥ ምን ይሉታል? ነው ያለችው። አያ ዘውዱ በመጀመሪያ ባዶውን ወንበር እየሰደበው ቆየ አሉ። ከዚያ አለቀሰ።

የቤት ሥራም ትሰጠው ነበር። በቀን አንድ ጊዜ እስከ ማሳው ደርሶ መመለስ። ቅዳሜ አምበር ገበያ ወጥቶ ጥቂት መቆም፤ መሸጥም መግዛትም ሳይኖርበት፣ መቆም ብቻ። መንደሩ ሳቀ። ገበያ መቆም ሕክምና ከሆነ እኛስ ምነው አልዳንን አሉ። እሱ ግን ቆመ። በአራተኛው ቅዳሜ አንዱን የጤፍ ነጋዴ ስፍርህ ጎደሎ ነው ብሎ ተናገረው። ይታይሽ ይህን ለመንገር ሉማሜ ድረስ መጣች።

ከፋሲካ በኋላ በገዛ ፈቃዱ የልየው ሚስት ቤት ሄደ። ሴትዮዋ ምን አለችው መሰላችሁ? እስካሁን የት ነበርህ፣ ሟቹ እኮ ነፍሱ እስክትወጣ አንተን ሲሰድብ ነበር አለችው። አያ ዘውዱ ሳቀ። ሲያለቅስም ሲስቅም ቆየ። ቀንበሩንም አውጥታ፣ እኔ ይህን ምን ላድርገው፣ ይልቅ ናና እረስልኝ ብላ መለሰችለት። አረሰላት።

በቀጥታ ዳነ እንዳትሉኝ። ሰኔ ላይ ተመልሶ ያን ግድግዳ ተደግፎ የተቀመጠበት ሳምንት ነበር። በዚህ ጊዜ ግን ጉልበቱን የሳመው የለም። ምን ሆንህ? አልነው፣ ነገረን፣ ማርቆስ ወሰድነው።

መንደሩማ አዘነብን። ጻድቁ ጠላ ሲጠጣ ታየ ተባለ። ፈተና ጣለው ተባለ። የሻይ ቤቷ እመቤት ያማተበችባቸውን ጊዜያት ሁሉ እያሰበች ታኮርፈኛለች። ማጭዱን የወሰደው ጎረቤት ደግሞ አያ ዘውዱን ከሩቅ ሲያይ መንገድ ይቀይር ጀመር።

እኔስ ጋቢውን ምን ላድርገው? ልመልስለት ብዬ ሲስተሯን ባማክራት፣ እሱ ራሱ እስኪጠይቅ ብትጠብቁስ አለችኝ። ሱቄ ውስጥ ሰቅዬ አስቀመጥሁት። ማንም እንዲነካው አልፈቅድም፤ እኔም አልለብሰውም። ሐምሌ ላይ ግን አንድ ቀን ዝናቡ ሲወርድ ውሎ የሉማሜ ብርድ አጥንቴ ድረስ ገባ። ለዛሬ ብቻ ብዬ ደረብሁት።

በዚያችው ቀን ከማርቆስ የመጣው አውቶቡስ ቆመና አያ ዘውዱ ወረደ። የገበያ ቀን ነው፤ ሰዉ ጢም ብሏል። ገና ከበሩ ሳይርቅ አየኝ።

«አንተ መርፌ ለቃሚ!» አለ፣ አገሩ ሁሉ እስኪሰማ። «ጋቢዬን ማን ልበስ አለህ?»

«አንተ ነህ እኮ የሰጠኸኝ!» አልሁት።

«ታምሜ ነዋ! የታመመ ሰው ሲሰጥህ ዝም ብለህ ትቀበላለህ?»

መንገድ ተሻግሮ መጥቶ ከትከሻዬ ገፈፈው። ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። እኔ ከሱቄ ደጅ በሸሚዝ ቀርቼ፣ ያ ሁሉ ዝናብ እየወረደብኝ፣ እንደ ሕፃን አለቀስሁ። አምስት ወር በጽድቁ ያልተደሰትሁትን ያህል በዚያ ስድብ ተደሰትሁ።

ጉንፋን ያዘኝና ሁለት ሳምንት ተኛሁ። አያ ዘውዱ ሊጠይቀኝ መጣ። አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ «ምን ሆንህ?» አለኝ። ስለ ጉንፋኑ ጀምሬ ሌላ ሌላውን ሁሉ ዘረገፍሁት፤ አንድም ምክር ሳይሰጠኝ እስከ መጨረሻው ሰማኝ።

ብርዱ አንቀጠቀጠኝ፣ ጋቢህን ለአፍታ አውሰኝ አልሁት።

አላዋሰኝም።